ሁለቱ መጥረቢያዎች

የኅዳር ሚካኤል ማታ ነው። ኅዳር ሲታጠን አራብሳ ላይ ጭሱ ቶሎ አይበተንም። በብሎኮቹ መሃል እንደተኛ ያመሻል። መስኮቱን ዘግቼ፣ ላፕቶፔን ሶኬት ላይ ሰክቼ ስካይሪም የሚባለውን ጌም እየተጫወትኩ ነበር። የዋይትረን ከተማን ቤተ መንግሥት፣ የድራጎንስሪችን፣ ትልቅ በር ከፍቼ ገባሁ። የያዝኩት የሰው መጥረቢያ ነው። የአማጺዎቹ መሪ ኡልፍሪክ ስቶርምክሎክ ለከተማው ገዥ ለያርል ባልግሩፍ አድርስልኝ ብሎ የሰጠኝ። ባልግሩፍ መጥረቢያውን ካስቀረው ሰላም ነው። ከመለሰው ጦርነት ነው። እንደሚመልሰው አውቃለሁ፤ ከዚህ በፊት ተጫውቼዋለሁ።

ከዙፋኑ በላይ የተሰቀለው የድራጎን ራስ ቅል ታየኝ። አዳራሹ መሃል የሚነደው እሳት ታየኝ። ያርሉ ጋ ልደርስ ጥቂት እርምጃ ሲቀረኝ መብራት ጠፋ።

የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ጨለማው ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ መናደድ ነበረብኝ። እኔ ግን እፎይ አልኩ። ጮክ ብዬ፣ ለራሴ እስኪሰማኝ ድረስ። ይሄን የምጽፈው ያቺ እፎይታ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለምትከነክነኝ ነው።

## ስሙ ዝርዝሩ ላይ የለም

ስካይሪም የወጣው ኅዳር 1 ቀን 2004 ነው፤ በፈረንጆቹ 11/11/11። እኔ ጋ የደረሰው ከዓመታት በኋላ ነው። አጀማመሩን የተጫወተው ሁሉ አይረሳውም። እጅህን ታስረህ ጋሪ ላይ ትነቃለህ። ሄልገን የምትባል ከተማ ያወርዱሃል። አገሩን ከሚገዛው ኢምፓየር አንድ ወታደር ዝርዝር ይዞ ስም ይጠራል። አንተ ጋ ሲደርስ ወረቀቱን ያያል። ስምህ የለም። አለቃውን ምን እናድርግ ይላታል። እሷም ዝርዝሩን ተወው፣ አንገቱ ይቀላ ብላ ታዛለች።

እናቴ ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበችው በ1997 ነው። ዕጣ በወጣ ቁጥር ዝርዝሩ የወጣበትን ጋዜጣ ገዝታ ትመጣለች። ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋዋለች። የኔን የትምህርት ቤት ማስመሪያ ታስደግፍና ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ትወርዳለች። የሷን የሚመስል ስም ሲመጣ ማስመሪያው ይቆማል። የአባት ስም ታያለች፣ የአያት ስም ታያለች። ማስመሪያው እንደገና ይወርዳል። ሲያልቅ ጋዜጣውን አራት ላይ ታጥፈውና "የለም" ትላለች። ሌላ ቃል አትጨምርም። እኔ ከጎኗ ቆሜ የማስመሪያውን ጠርዝ ሳይ ነው ያደግኩት።

እንግዲህ እንደዚህ ያደገ ሰው ሄልገን ላይ ምን እንደሚሰማው ገምቱ። ኢምፓየሩን እዚያው ጠላሁት። ክርክሩን ገና አልሰማሁም። ኡልፍሪክ ማን እንደሆነ፣ ንጉሥ ቶሪግን በድምፁ ኃይል ጥሎ እንደገደለው አላውቅም። በድንገት ድራጎን መጥቶ ከተማዋ ስትታመስ ጌሙ ያስመርጥሃል። ዝርዝሩን ይዞ ከነበረው ከሃድቫር ጋር ትሸሻለህ? ወይስ አብሮህ ታስሮ ከነበረው ከራሎፍ ጋር? አላመነታሁም። አብሮኝ የታሰረውን ተከተልኩ። ሃድቫር ስሜ እንደሌለ ሲያይ ማዘኑን ልብ ያልኩት በጣም ቆይቶ ነው።

ከዚያ በኋላ ምክንያት መደርደር አያቅትም። ኢምፓየሩ ታልሞር ከሚባሉት የኤልፍ ዘር ገዥዎች ጋር የነበረውን ታላቅ ጦርነት ያስቆመው ታሎስን ማምለክ የሚከለክል ውል ፈርሞ ነው። ሰው በገዛ አገሩ አምላኩን እንዳይጠራ ማለት ነው። የኡልፍሪክ ተዋጊዎች፣ ስቶርምክሎኮች፣ የምንዋጋው ለዚህ ነው ይላሉ። ይሄ ለኔ ያኔም ትልቅ ነገር ነበር፣ ዛሬም ነው። ግን እውነቱን ልናገር። ምክንያቱ ኋላ የመጣ ነው። ልቤ የቆረጠው ማስመሪያው ላይ ነው።

## ቤት የመግዛት መብት

ከራሎፍም ጋር ሽሽ፣ ከሃድቫርም ጋር ሽሽ፣ የምትደርሰው አንድ መንደር ነው። ሪቨርውድ። ራሎፍ እህቱ ጋ ይወስድሃል፣ ሃድቫር አጎቱ ጋ። የትኛውም ቤት ብትገባ እንደ እንግዳ ይቀበሉሃል። የትኛውም ቤት ብትገባ የሚለምኑህ አንድ ነገር ነው። ዋይትረን ሂድና ለያርሉ ድራጎን መጣ በልልን፣ ወታደር ይላክልን። ይሄን ያሰበው የጌሙ ጸሐፊ ሁሌ ይገርመኛል። ሁለቱ ጎራዎች ሊተላለቁ ነው። የመንደሩ ሰው ፍርሃት ግን አንድ ነው።

ባልግሩፍ ከሁለቱም አልወገነም። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል እንደሚባለው የሚያደርግ መስሎኝ መጀመሪያ ስጫወት ንቄው ነበር። ፈሪ ብዬዋለሁ። ሥራውን ሳየው ግን ሌላ ሰው ነው። ወሬውን እንደነገርኩት ወታደር ይሂድ አለ። አማካሪው ጎረቤት ያለው ያርል ተንኳሾች ናቸው ይለናል ብሎ ተቃወመ። ባልግሩፍ ሕዝቤ ሲቃጠል እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም አለ፣ ላከ። የማን ወገን ነህ ብሎ አልጠየቀኝም።

ምዕራብ በኩል ካለው ማማ ሥር ድራጎኑን ከገደልን በኋላ ቴን የሚባል ማዕረግ ሰጠኝ። ሊዲያ የምትባል አጃቢ መደበልኝ። የማዕረጉን ምልክት አንድ መጥረቢያ በእጄ አስያዘኝ። ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ ዋይትረን ውስጥ ቤት የመግዛት መብት። ዋጋው 5,000 ወርቅ።

ቤት የመግዛት መብት። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይቺን ሐረግ ሲያነብ ምን እንደሚል ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ወርቁን ለማጠራቀም ስንት ዋሻ እንደገባሁ አስታውሳለሁ። ቤቱን ገዝቼ ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ እሳቱ ዳር መቀመጥ ነበር። ምንም ሳላደርግ፣ ዝም ብዬ።

በዚያው ጨዋታ የኡልፍሪክን መጥረቢያ ለባልግሩፍ ሰጠሁት። መለሰው። ከስቶርምክሎኮች ጋር ተመልሼ መጣሁ። ድንጋይ በወንጭፍ መኪና እየተወረወረ፣ ከተማው እየነደደ፣ ድልድዩን አውርጄ ገባሁ። ማዕረግ በሰጠኝ አዳራሽ፣ በዚያው እሳት ዳር፣ እጁን እስኪሰጥ ከራሱ ከባልግሩፍ ጋር ተዋጋሁ። ወንበሩን ሌላ ሰው ወሰደው። ቤቴ ስመለስ ቤቱ የኔው ነው። ሊዲያም ቁጭ ብላለች። እንደወትሮው ሰላም አለችኝ።

አያቴ እንዲህ ላለው ሰው አንድ ስም ነበራት። የበላበትን ወጭት ሰባሪ። ላፕቶፑን ዘጋሁት፣ ለብዙ ጊዜም አልከፈትኩትም። አሸንፌያለሁ እኮ። የመረጥኩት ጎራ አሸንፏል።

ወገን የሚለው ቃላችን ያን ሰሞን ይመላለስብኝ ነበር። ወገን ማለት ጎራ ነው። ወገነ ስንል አዳላ፣ ከአንዱ ቆመ ማለታችን ነው። ወገን ማለት ደግሞ የኔ የምትለው ሰው ነው። "ወገን የሌለው" ስንል የሚያለቅስለት የሌለው ማለታችን ነው። ኡልፍሪክ በመጀመሪያው ትርጉም ወገኔ ነበር። ባልግሩፍ በሁለተኛው። ጌሙ የሚጠይቀኝ ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። ያሳመመኝ ግን ሁለተኛው ነው።

## ከግንቡ ውጭ

የእናቴ ስም በመጨረሻ ወጣ። አሁን የምንኖረው ቦሌ አራብሳ ነው። ባቡሩ አያት ላይ ያበቃል፣ ከዚያ ወዲህ ታክሲ ነው። ከኛ ብሎክ ማዶ ማሳ አለ። ማታ ማታ ጅብ ይጮኻል። ሰፈሩ አዲስ አበባ ውስጥ ነው፣ ሰዉ ግን መገናኛ ሲሄድ "ከተማ ደርሼ ልምጣ" ነው የሚለው። እኔም እንደዚያ ማለት ጀምሬያለሁ። መጀመሪያ ከአፌ ስትወጣ ደንግጬ ነበር።

እዚህ ከገባን በኋላ ነው ስካይሪምን እንደገና ከዜሮ የጀመርኩት። ታናሽ ወንድሜም በራሱ ጊዜ በኢምፓየሩ በኩል ይጫወት ነበር። ማታ ማታ እንከራከራለን። አንድ ቀን ታልሞሮች ስለ ኡልፍሪክ የጻፉትን ምስጢራዊ ሰነድ ከኤምባሲያቸው ሰርቆ አነበበልኝ። ታልሞሮች ኡልፍሪክም እንዲያሸንፍ አይፈልጉም። ኢምፓየሩም እንዲያሸንፍ አይፈልጉም። ጦርነቱ እንዲቀጥል ነው የሚፈልጉት። "ስለዚህ ሁለታችንም ለነሱ ነው የምንሠራው" አለኝ ወንድሜ። መልስ አልነበረኝም።

እኔን ግን ከሰነዱ በላይ የለወጠኝ ዊንድሄልም ነው። የኡልፍሪክ ከተማ። በበሩ እንደገባህ ሁለት ሰዎች አንዲት ጨለማ ኤልፍ ላይ ሲጮኹባት ታያለህ። ኤልፎቹ የሚኖሩት ግራጫው ሰፈር በሚባል ቆሻሻ መንደር ነው። እንሽላሊት መሳዮቹ አርጎናውያን ደግሞ ግንቡ ውስጥ መኖርም አይፈቀድላቸውም። የከተማውን መርከብ ያራግፋሉ፣ ማደሪያቸው ወደቡ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ ስጫወት ይሄን ሁሉ አይቼዋለሁ። አይቼ አልፌዋለሁ። ጦርነቱ ይለቅና ይስተካከላል፣ ማለትም ሲያበቃ፣ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። በዚህኛው ጊዜ ወደቡ ላይ ቆሜ የግንቡን ከፍታ ቀና ብዬ አየሁት። የኛ ኑሮ ከነሱ ጋር ይመሳሰላል አልልም። ከመሃል ሆነህ የምታየው ግንብና ከውጭ ሆነህ የምታየው ግንብ ግን አንድ እንዳልሆነ አራብሳ አስተምሮኛል።

ያም ሆኖ በዚህኛውም ስቶርምክሎክ ሆንኩ። ለመፈተኛ የሚታዘዘውን የበረዶ መንፈስ ገድዬ ማልኩ። ማስመሪያው በቀላሉ አይለቅም። የነገሥታቱን ዘውድ ከመቃብር ካወጣን በኋላ ጎራ መቀየር ይቻላል። ዘውዱን ለጠላት ወስደህ ብትሰጥ ይቀበልሃል። አልቀየርኩም፣ ለኡልፍሪክ ሰጠሁት። መጥረቢያውን ሲያስይዘኝ ለምን እኔ እንደተላክሁ ገባኝ። ባልግሩፍ ያውቀኛል፣ በሩ ለኔ ክፍት ነው። የተመረጥኩት ስለምወደድ ነው።

## ወረቀቱ

መብራቱ በጠፋ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በር ተንኳኳ። ከብሎኩ ኮሚቴ አንዱ ልጅ ነው። በስልኩ መብራት እያበራ ወረቀት ዘረጋልኝ።

ነገሩን አውቀዋለሁ። የውኃ ፓምፑ ከተበላሸ ወራት አልፈዋል። ውኃ ብትመጣም ላይ ፎቅ አትደርስም፣ ሁላችንም ጀሪካን ተሸካሚ ሆነናል። ኮሚቴው የጋራ መገልገያውን ቤት፣ ኮሚናሉን፣ ለነጋዴ አከራይቶ በኪራዩ ፓምፑን ሊያሠራ ነው። ስብሰባው ላይ እኔም ደግፌ ተናግሬያለሁ። አሁንም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ችግሩ ኮሚናሉ ውስጥ ሰው አለ። ምድር ላይ የሚኖሩት እትዬ ሁለት ምጣድ አስገብተው እንጀራ ይጋግራሉ። ለሱቆች ያስረክባሉ፣ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በሱ ነው።

"የፎቅህን አንተ አስፈርምልን" አለኝ ልጁ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ለሳቸውም አንተ ብታሳያቸው ጥሩ ነው። አንተን ይወዱሃል፣ አይከፋቸውም።"

ወረቀቱን ተቀብዬ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። እጄ ላይ የከበደኝን ከባድነት አውቀዋለሁ። ከግማሽ ሰዓት በፊት ይዤው ነበር።

አራብሳ የገባን ቀን እቃው ገና ደረጃው ላይ ተከምሮ ነበር። እትዬ ሁለት ጀሪካን ውኃ አስይዘው ልጃቸውን ላኩ። ውኃ በሌለበት ሰፈር ሁለት ጀሪካን። ቀጥለው ራሳቸው ጀበና ይዘው ወጡ። እናቴ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ያን ቡና ስትጠጣ ፊቷን አይቻለሁ። የዚያን ቀን ነው ቤቱ የኛ የሆነው፤ ቁልፉን የወሰድን ቀን ግን ገና ነበር።

ሻማ ይዤ ወረድኩ። እትዬ ኮሚናሉ ውስጥ በሻማ ተቀምጠዋል። ፊታቸው በነጠላ የተሸፈነ ትልቅ ባልዲ አለ። ነጠላውን ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ሊጡ ኩፍ ብሎ ጠርዝ ደርሷል። አረፋው አንድ በአንድ እየፈነዳ ይተነፍሳል።

"አብሲት ከጣልኩ በኋላ ሄደብኝ" አሉ። "እስከ ንጋት ከቆየ ይኮመጥጣል። ማን ይወስድልኛል?"

አጠገባቸው ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አደረግኩት።

"እትዬ፣ ስለ ኮሚናሉ ፊርማ እየተሰበሰበ ነው።"

"ሰምቻለሁ ልጄ። አንተም ይከራይ ብለሃል አሉ።"

"አዎ ብያለሁ። አሁንም እሱኑ ነው የምለው።"

ዝም አሉ። ነጠላውን ባልዲው ላይ መልሰው አስተካከሉ።

"ታዲያ ለምን መጣህ?"

"ከኔ ከራሴ ይስሙት ብዬ።"

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፣ አልተቆጡም። "ፓምፑ ቢሠራ ለኔም ነው" አሉ በመጨረሻ። "ውኃ ከሌለ ምን ሊጥ አለ? ግን አንተ የተማርክ ልጅ ነህ፣ እስቲ ንገረኝ። ይሄን ሁሉ ስትሰበሰቡ፣ እሷስ የት ትጋግር ብሎ የጠየቀ ሰው አለ?"

አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። ወረቀቱን በሻማው አስጠግቼ አነበብኩት። የፓምፑ ዋጋ አለ፣ የኪራዩ ግምት አለ፣ የፈራሚዎች ስም ዝርዝር አለ። የሳቸው ስም የትም ቦታ የለም።

ቀና ብዬ ማየት ከበደኝ። ያንን ዝርዝር የያዝኩት እኔ ነኝ። በዚህኛው ታሪክ ሃድቫር እኔ ነኝ።

## አንድ መስመር

ወጥቼ የኮሚቴውን ልጅ በር አንኳኳሁ። እፈርማለሁ፣ ግን አንድ መስመር ይጨመር አልኩት። እትዬ የሚጋግሩበት ቦታ ሳይዘጋጅ ኮሚናሉ አይከራይም የሚል። ከደረጃው ሥር ያለው ባዶ ቦታ ቢከለል ሁለት ምጣድ ይችላል፣ የመብራት መስመር መሳብ ብቻ ነው። ልጁ ደክሞታል። ሠላሳ በር አንኳኩቶ ነው የመጣው፣ እረዳዋለሁ።

"ወንድሜ" አለኝ፣ "በሁለት ቢላዋ አትብላ። ወይ ከኛ ጋር ነህ ወይ አይደለህም።"

ይቺ ቃል አመመችኝ። በሁለት ቢላዋ የሚበላ ሰው ለሁለቱም ወገን የተለያየ ነገር ይናገራል። እኔ ለሁለቱም ያልኩት አንድ ነገር ነው። ይከራይ፣ እሳቸውም ይጋግሩ። ይሄን ለማስረዳት ሞከርኩ። ወረቀቱን ተቀብሎኝ ገባ። ጉዳዩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። መስመሯን የደገፉ አሉ፣ የሚያኮርፉኝም አሉ። ፓምፑም አልተሠራም። ጀሪካን እሸከማለሁ።

አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ስለ ባልግሩፍ አሰብኩ። ከዚህ በፊት ክህደቱ መጥረቢያውን መስጠቴ ይመስለኝ ነበር። አሁን አይመስለኝም። በእጅህ ይዘህ፣ ፊት ለፊት ቆመህ መስጠት እንዲያውም የክብር ነገር ነው። ከነገሩ ሁሉ ንጹሑ እሱ ነው። ያስቸገረኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ኡልፍሪክ ጋ ሄጄ አንድ መስመር ጨምርልኝ ማለት አልችልም። የወደቡን ሰዎች ግንብ ውስጥ አስገባና ለታሎስ እዋጋልሃለሁ የሚል ምርጫ የለም። በዚያ ትልቅ ዓለም ውስጥ ስንት ዋሻ፣ ስንት መጽሐፍ፣ ስንት የጎመን ማሳ አለ፤ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን የለችም። የኢምፓየሩ አዛዥ ጄኔራል ቱሊየስም ጋ ብሄድ የለችም። ብትኖር ኖሮ እስከ ዛሬም የኡልፍሪክ ታማኝ ወታደር ነበርኩ።

መብራት የመጣው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ከታች የኮሚናሉ የብረት በር ሲከፈት ሰማሁ። ሊጡ አይጠብቅም፣ እትዬም አልተኙም ማለት ነው።

ላፕቶፑን ከፈትኩት። ጌሙ በር ባለፍክ ቁጥር ራሱ ሴቭ ያደርጋል። ድራጎንስሪች በር ውስጥ ቆሜ ተገኘሁ። እሳቱ ይነዳል። ቦርሳዬን ሳየው ሁለቱም መጥረቢያዎች አሉ። ባልግሩፍ የሰጠኝ፣ ለባልግሩፍ የተሰጠኝ። የኡልፍሪኩን ልጣለው ብል አይጣልም፣ አደራ የሆነ ዕቃ ጌሙ አያስጥልህም።

ዞሬ ወጣሁ። ደረጃውን ወርጄ፣ የደረቀውን ዛፍ አልፌ፣ ገበያውን አቋርጬ ቤቴ ገባሁ። ሊዲያ ሰላም አለችኝ። እሳቱ ዳር ተቀመጥኩ። ወንድሜ ከእንቅልፉ ነቅቶ ከትከሻዬ በላይ እያየ "ሰጠኸው?" አለኝ። አልሰጠሁትም አልኩት። ሌላ ነገር ሊጠይቀኝ ሲል የእንጀራው ሽታ በደረጃው ወጥቶ በሩ ሥር ገባ። ዝም ብለን አሸተትን።